በትንሽ መርከብ በሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ለመጓዝ የሚያስፈልግ ዝግጅት

ከግሪንላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ አንሥቶ በካናዳ የአርክቲክ ደሴቶች መካከል እየተጠማዘዘ እስከ አላስካ የሚዘልቀው የባሕር መንገድ የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ይባላል። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ዮዋ በተባለች ትንሽ መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው ከ1903 እስከ 1906 ባሉት ዓመታት ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከ200 ያነሱ መንገደኞችን የሚይዙ መርከቦች በረዶው በሚሳሳበት ጊዜ፣ ማለትም ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት፣ ይህንን መንገድ ወይም የተወሰነውን ክፍል ይጓዙበታል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር ስለሚበልጥ መርከብ የሚመርጥ ሰው መመዘኛውን አስቀድሞ ማስተካከል ይኖርበታል። እኔ ከክፍሉ ስፋትና ከምግቡ ዓይነት በፊት የምጠይቀው መርከቡ በሚያርፍባቸው መንደሮች ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ድርጅት ስለ በረዶውና ስለ ደኅንነቱም በጥንቃቄ ያስባል ብዬ አምናለሁ።

የመርከቡ መጠን የሚያሳስበው ከዚሁ የተነሣ ነው። በባፊን ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ፖንድ ኢንሌት ወደ 1,500፣ በኪንግ ዊልያም ደሴት ያለችውና ስሟን ከአሙንድሰን መርከብ ያገኘችው ጆዋ ሔቨን ደግሞ ወደ 1,300 ነዋሪዎች አሏቸው። ከአንድ ሺህ በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ በእነዚህ መንደሮች ፊት መልሕቁን ሲጥል እንግዳው ከባለቤቱ ጋር በቁጥር ይስተካከላል። መቶ ሰው ግን በቡድን ተከፋፍሎ፣ ዞዲያክ በሚባሉት አሥር ያህል ሰው በሚይዙ የጎማ ጀልባዎች ወርዶ፣ መንደሩን ሳያጨናንቅ መዘዋወር ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ወደ የብስ እንደሚወርድ፣ ለጉብኝቱ ከመንደሩ አስተዳደር ጋር ስምምነት መደረጉን፣ ከአገሬው ሰዎች መካከል በመርከቡ ላይ በአስጎብኚነት የሚሠራ መኖሩን ይጠይቁ። ድርጅቱ በ2003 የተቋቋመው የአርክቲክ የጉብኝት መርከቦች ማኅበር አባል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ማኅበሩ አባላቱ በመንደሮችና በዱር እንስሳት አካባቢ እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለባቸው የሚወስኑ መመሪያዎች አሉት።

ስለ መርከቡ ብቃት ሲጠይቁ ሁለት ነገሮችን በግልጽ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው ከ2017 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው ዓለም አቀፍ የዋልታ ደንብ መሠረት የተሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። ደንቡ መርከቦችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ ሀ መካከለኛ ውፍረት ባለው የአንድ ዓመት በረዶ ውስጥ ለመሄድ፣ ለ በስስ የአንድ ዓመት በረዶ ውስጥ ለመሄድ፣ ሐ ግን በዋናነት ከበረዶ ነጻ ለሆነ ውኃ የተሠሩትን ያመለክታል። ሁለተኛው የካፒቴኑና በበረዶ መካከል መንገድ የሚያሳየው የበረዶ መሪ በዚህ መንገድ ላይ ያላቸው ልምድ ነው። በካናዳ አርክቲክ በዘመናዊ መሣሪያ በሚገባ የተለካው የባሕር ወለል ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሆነ ልምድን የሚተካ ነገር የለም። በነሐሴ 2010 በኮሮኔሽን ባሕረ ሰላጤ አንድ የጉብኝት መርከብ ከውኃ በታች ካለ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ በቆመ ጊዜ የካናዳ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የበረዶ ሰባሪ መርከብ ደርሶ መንገደኞቹን ለማንሣት ሁለት ቀን ገደማ ፈጅቷል። ስለ ቋጥኙ ቀደም ብሎ ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በመርከቡ ካርታ ላይ አልሰፈረም።

የጉዞ ሰነድ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዢዎች ረጅም ጊዜ የሚወስድ ጉዳይ ነው። ግሪንላንድ በዴንማርክ ንጉሣዊ ግዛት ሥር ብትሆንም የሸንገን አካባቢ አካል አይደለችም፤ በመሆኑም መደበኛው የሸንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም፣ ዴንማርክ የምትሰጠው ቪዛ ለግሪንላንድ የሚያገለግል መሆኑ በላዩ መጻፍ አለበት። ለካናዳ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ወደ መርከቡ የሚሄዱት በካናዳ በኩል በርረው ከሆነ ግሪንላንድን ደርሰው በባሕር ተመልሰው ወደ ካናዳ ስለሚገቡ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ይሁን። ጉዞው አላስካ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ የአሜሪካ ቪዛም ይጨመራል። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዘው የሚኖሩ ወገኖች ለካናዳ ቪዛ አይጠየቁም፤ የግሪንላንዱ ግን እነርሱንም ይመለከታል። ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ መጀመር ይሻላል።

ኢንሹራንሱ ከሩቅ ቦታ በአውሮፕላን የሚደረግ የሕክምና ማጓጓዝን መሸፈን አለበት። እነዚህ መንደሮች የሚገኙበት የካናዳ ኑናቩት ግዛት በሙሉ ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም የሚገኘው በዋና ከተማዋ በኢቃሉት ነው። በሌሎቹ መንደሮች ያሉት በነርሶች የሚሠሩ ጤና ጣቢያዎች ናቸው፤ የመርከብ እንግዳ ያለ ከባድ ምክንያት የእነርሱን ጊዜ መሻማት የለበትም። ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከጉዞው ቀናት በላይ የሚበቃ ይያዙ። በግሪንላንድና በባፊን ደሴት መካከል ያለው ባሕር ስለሚናወጥ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ይወሰዳል።

በልብስ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በነሐሴ የአየሩ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያለ ቢሆንም በጀልባ ላይ ነፋሱና ፍንጥቅጣቂው ብርዱን ያባብሱታል። ጥጥ ከረጠበ ስለማያሞቅ ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ካፖርት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት ይበቃሉ፤ የጎማ ቦቱን ብዙ መርከቦች ያውሳሉ።

በነሐሴ የሚጓዝ ኦርቶዶክሳዊ ጾመ ፍልሰታ በጉዞው ላይ እንደሚውል ያስብ። መርከቡ ስንቁን የሚጭነው መነሻው ላይ ስለሆነ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ የሚፈልጉ መሆንዎን ሲመዘገቡ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ወጥ ቤቱ ያለውን ከማብቃቃት በቀር ሌላ ሊያደርግ አይችልም።

የጉዞ መርሐ ግብሩን እንደ ዕቅድ እንጂ እንደ ውል አይመልከቱት። ፒል ሳውንድ የተባለው የባሕር መተላለፊያ በበረዶ ከተዘጋ ካፒቴኑ ፕሪንስ ሪጀንት በተባለው ሌላ የባሕር መንገድ በኩል ወርዶ የቤሎን የባሕር ወሽመጥ ለማለፍ ሊሞክር ይችላል። ይህ ጠባብ መተላለፊያ የአሜሪካ አህጉር ዋና የብስ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝበት ሲሆን የማዕበሉ ፍሰት እስከ 8 ኖት (በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ) ስለሚደርስ መርከቦች ውኃው የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቀው ያልፋሉ። በረዶው፣ ጉሙ ወይም የዋልታ ድብ መታየቱ አንድን ማረፊያ ሊያሰርዝ ይችላል። በየብስ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ከከለሉት ክልል አይውጡ፤ ድብ ሲመጣ የሚሸሸው ጎብኚው ነው፣ ቦታው የድቡ ነውና። ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ያለውን የመልስ በረራ ቢያንስ በሁለት ቀን ያራዝሙ።

ስለ ታሪኩ አንብቦ መሄድ ጉብኝቱን ያበለጽገዋል። በቢቺ ደሴት በ1846 የሞቱ የእንግሊዛዊው አሳሽ የጆን ፍራንክሊን ጓዶች መቃብር ይታያል። በ1845 ከእንግሊዝ ተነሥተው የጠፉት 129 ሰዎች የተሳፈሩባቸው ኤሬበስና ቴረር የተባሉት መርከቦች የተገኙት በ2014 እና በ2016 ሲሆን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑዊት ሽማግሌዎች በቃል ያቆዩት ትውፊት ፍለጋውን መርቷል። የኢኑዊትን ምስክርነት ሳያዳምጡ አንድ መቶ ስድሳ ዓመታት ያህል መባከናቸው ያሳዝነኛል። ስለዚህ በጆዋ ሔቨን የናቲሊክ የቅርስ ማዕከልን ሳይጎበኙ አይለፉ። መርከቡ ሬዞሉት ወይም ግራይስ ፊዮርድ የሚያርፍ ከሆነም የካናዳ መንግሥት በ1953 እና በ1955 የኢኑዊት ቤተሰቦችን ከኢኑክጁዋክና ከፖንድ ኢንሌት አንሥቶ ወደ እነዚህ ቦታዎች እንዳሰፈራቸውና በ2010 ይቅርታ እንደጠየቀ ይወቁ። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ ሻይ የሚያቀርቡልዎት አያቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

መንደር ውስጥ ሲገቡ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ወላጅ ይጠየቃል፣ ከረሜላም አይታደልም። የቤት መስኮት አይታይም፣ የታሰሩ ውሾች አይነኩም፣ የጥንት የድንጋይ ክምሮችና የቤት ፍርስራሾች አይነሡም። በፖንድ ኢንሌት «ቁያናሚክ»፣ በኬምብሪጅ ቤይ «ቁዋና» ብሎ ማመስገን ይቻላል። በብዙ መንደሮች አልኮል የተከለከለ ወይም የተገደበ ስለሆነ ምንም ይዘው አይውረዱ። ሱቁ የሚሞላው አብዛኛው ከባድ ዕቃ ባሕሩ በሚከፈትባቸው ጥቂት ሳምንታት በመርከብ መጥቶ ስለሆነ ከመደርደሪያው ፍራፍሬና ወተት መግዛት የነዋሪውን ድርሻ መውሰድ ነው። በማኅበረሰቡ አዳራሽ የከበሮ ጭፈራና የጉሮሮ ዜማ ሲቀርብ እስከ መጨረሻው ይቀመጡ። የአቆስጣ ወይም የዓሣ ነባሪ ሥጋ ቢቀርብልዎት መቅመስም ሆነ በትሕትና አልበላም ማለት ይቻላል፤ ፊትን ማጨማደድ ግን ነውር ነው። አቆስጣ ለእነዚህ ሰዎች ምግብም ልብስም ነው፤ አውሮፓ በ1983 በግልገል አቆስጣ ቆዳ ላይ ያወጣው እገዳ የአዳኝ ቤተሰቦችን ገቢ ክፉኛ ጎድቶታል።

ገንዘብዎን በመንደሩ ውስጥ የሚያወጡበት ትክክለኛው ቦታ የእጅ ሥራው ነው። ካርድ የማይቀበል ባለሙያ ሊኖር ስለሚችል በትንንሽ የተዘረዘረ የካናዳ ዶላር ይያዙ፤ የተባለውን ዋጋ ለማውረድም አይከራከሩ። የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ የትም ሀገር ይገባል፤ የኢግሉ (የበረዶ ጎጆ) ምልክት ያለበት ደግሞ በኢኑዊት እጅ የተሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ከናርዋል ጥርስ፣ ከዋልረስ ጥርስ ወይም ከአቆስጣ ቆዳ የተሠራ ዕቃ ግን የሀገሩን ሕግ ሳያጣሩ አይግዙ። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው ሕግ ከባሕር አጥቢ እንስሳት የተሠሩ ዕቃዎችን ወደ ግዛቷ ማስገባት ትከለክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኢኑዊት አደን የተገኘ የአቆስጣ ምርትን የሚያስገባው የምስክር ወረቀት ሲኖረው ነው፤ የናርዋል ጥርስ ከካናዳ ለመውጣትም ፈቃድ ይጠይቃል። ሻጩ ወረቀቱን ለማዘጋጀት ጊዜ ስለሚያስፈልገው ፍላጎትዎን መርከቡ ከመድረሱ በፊት ለጉዞ መሪው ይንገሩ።