የትምህርት ቤቱን ውጤትና በጀት በአንድ ወረቀት ላይ ማንበብ፦ ለጎንደር ወላጅ ኮሚቴዎች

በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሪፖርት ይነበባል፤ አንዱ የውጤት፣ ሌላው የገንዘብ። ተለያይተው ሲነበቡ ገንዘቡ ወደ አጥርና ወደ ቀለም ይሄዳል፣ 4ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተው ልጅ ደግሞ እንደዚያው ያልፋል። ከአራዳ እስከ አዘዞ በየትኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የተመረጠ ኮሚቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል። አራት ሰነድ ጠይቁ፦ ያለፈውን ዓመት ሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት በየትምህርቱ የተዘረዘረበትን)፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት፣ የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤቱን ደረጃ የሚወስነውን ምዘና) ግብረ መልስ፣ የወጪ መዝገቡን ከነደረሰኙ።

የማለፊያ መቶኛው ለስንት ተማሪ እንደተካፈለ ሳትጠይቁ አትመኑት። እንበል በመስከረም 240 ልጆች 8ኛ ክፍል ተመዘገቡ፣ 198 ተፈተኑ፣ 150 አለፉ። ለተፈተኑት ሲካፈል 76 ከመቶ ገደማ ነው፤ ለተመዘገቡት ሲካፈል ግን 62.5። ፀጥታ በታወከበት ዓመት ልጆች መሀል ላይ ስለሚያቋርጡ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ደካማው ተማሪ ቀድሞ ከቀረ መቶኛው ትምህርቱ ሳይሻሻል ሊጨምር ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ፣ የቀሩትን 42 ልጆችም በስም ጠይቁ።

ቀጥሎ ሮስተሩን ከክልላዊው ፈተና ጋር አስተያዩ። በሒሳብ የክፍሉ አማካይ 71 ሆኖ የፈተናው 38 ከሆነ፣ ወይ መምህሩ በክፍል የሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ልል ነው ወይ መጽሐፉ አላለቀም። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ የተማሪዎቹ ደብተር ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል የአምስት ልጆች ደብተር ተቀብላችሁ የመጨረሻው ትምህርት በየትኛው ቀንና በየትኛው ምዕራፍ እንደቆመ ተመልከቱ። ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ለ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ ለ2015 3.2፣ ለ2016 5.4 ብቻ ነበሩ። ያ ጉድለት የጀመረው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። ስለዚህ 2ኛና 3ኛ ክፍልንም ፈትሹ፦ ከስም ዝርዝሩ በየአምስተኛው ላይ ያለውን ልጅ ጥሩና ከራሱ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ይህን ሥራ ከክፍሉ መምህር ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉት፤ መምህሩ ተከሳሽ መስሎ ከተሰማው ሁሉም ነገር ይዘጋባችኋል።

ኢንስፔክሽኑ በ26 ስታንዳርድ ይመዝናል፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.99 ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ድምሩን ትታችሁ ሦስቱን ለየብቻ አንብቡ። ሂደቱ ደህና ሆኖ ግብዓቱ ከወደቀ ገንዘብ ያግዛል። ግብዓቱ ተሟልቶ ውጤቱ ከወደቀ ግን ተጨማሪ ብር ብቻውን አይፈታውም።

ወደ ገንዘቡ ስትመጡ ደመወዝን ተዉት፤ ከኮሚቴው እጅ ውጭ ነው። የምትነጋገሩበት ሥራ ማስኬጃው፣ የትምህርት ቤት ድጎማው፣ የውስጥ ገቢውና የኅብረተሰቡ መዋጮ ነው። ድጎማው በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ የዘመኑን የነፍስ ወከፍ ተመን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተቀብላችሁ በተመዘገበው ቁጥር አባዙትና ወደ ባንክ ከገባው ጋር አነጻጽሩ። ሲለያይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቆጠራው ነው። ጎንደር ውስጥ ከአጎራባች ወረዳ ተፈናቅለው በታኅሣሥና በጥር የሚገቡ ልጆች አሉ፤ ዓመታዊው መረጃ ከተላከ በኋላ የመጡት ወንበርና መጽሐፍ ይጋራሉ እንጂ ገንዘብ ይዘው አይመጡም። የመጡበትን ቀን የያዘ ዝርዝር አዘጋጁና ከማስታወሻ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ አስገቡ።

አሁን አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍሉ፦ በግራ ደካማው ክፍልና ትምህርት፣ በመሀል የጎደለው ነገር በቁጥር፣ በቀኝ ዋጋው። «መጽሐፍ እጥረት» ብላችሁ አትጻፉ። «3ኛ ክፍል አማርኛ፣ 60 ልጅ፣ 15 መጽሐፍ፣ ለአራት አንድ» ብላችሁ ጻፉ። በግራ ዓምድ መነሻ የሌለው ወጪ ወረፋ ይጠብቅ። ከዚህ ውጭ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚያፈስ ጣሪያ። ክረምት ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት አጋማሽ መጠገን አለበት፤ ሰኔ ላይ ሠራተኛውም ዝናቡም አይመቹም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዕቅዱ በሚያዝያ ካልጸደቀ ግዢው ሰኔ ላይ ይጨናነቃል፣ የተገኘው ዕቃ በተገኘው ዋጋ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ግዢ ከተለያዩ ሻጮች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ጠይቁ፤ ሦስቱም በአንድ እጅ ጽሕፈት ከተሞሉ ራሳችሁ ሱቅ ወርዳችሁ ዋጋ አረጋግጡ። የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ወደ ንብረት ክፍል መግባቱን፣ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ወጥቶ ለመምህሩ መድረሱን ተከታተሉ። እውነተኛው ብክነት የሚታየው እዚህ ነው፦ 19 ተቆርጦለት 22 ያልተቆረጠለት የላብራቶሪ ዕቃ በካርቶኑ እንዳለ መጋዘን ውስጥ ይገኛል።

መዋጮ በወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይሰብሰብ። ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ከምዝገባም ሆነ ከክፍል መባረር የለበትም፤ መዋጮ በፈቃድ ነው። አቅም ያነሰው ወላጅ ጉልበቱን ይስጥ፣ ያም በቀንና በሰዓት ይመዝገብ።

ወረቀቱን በየሩብ ዓመቱ አድሱና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። አንድ ቅጂ በርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ አንድ ለጉድኝቱ (በአንድ ላይ ለተሰባሰቡት አጎራባች ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር፣ አንድ በኮሚቴው ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ፤ ኮሚቴው ሲቀየር የርክክቡ የመጀመሪያ ሰነድ ይህ ይሁን።