ወገብ ሲይዝ፦ ሲሚንቶ ለሚያስወርዱ ካቦዎች

ሳይት ላይ ከሚያጋጥሙኝ ጉዳቶች ዋናው የሲሚንቶ አውራጅ ወገብ ነው። ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው።

ትከሻ፦ ከራሱ በላይ እጁን ሰቅሎ የሚውል ሰው መቆሚያው ከፍ ይበልለት። ጉልበት፦ ሴራሚክ አንጣፊው ከጉልበቱ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ያድርግ። ጣት፦ ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ሌሊት እጁ ከደነዘዘ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቦ አታሳስሩት።

አሁን ወደ ወገብ።

ምልክቱ፦ ጠዋት ጎንበስ ማለት ያቅታል። ሲያስነጥሱ ይወጋል። እየቆየ ሕመሙ በቂጥ በኩል ወደ እግር ይወርዳል።

ምክንያቱ፦ ሁሉም ክብደቱን ይወቅሳል። እውነት ነው፣ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም፣ ናዮሽ፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከ23 ኪሎ በላይ አይመክርም። ግን ሰው ሲጎዳ የማየው ተሸክሞ ሲሄድ ሳይሆን ሲያስቀምጥ ነው። እግሩን ተክሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን ብቻ ያዞራል። ያኔ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ይጎዳል፣ ነርቭም ሊጫን ይችላል። አንድ ጠንካራ ልጅ መኪናውን ሙሉ ያለችግር አውርዶ፣ የመጨረሻዎቹን ከረጢቶች መሬት ላይ ሲደረድር እዚያው ቀረ። ቀና ማለት አቃተው፤ ደግፈን አነሳነው። ካቦው ግን «ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮህ ነበር። እባካችሁ፣ አውራጁን አታጣድፉ።

መፍትሄው፦ መሬት ላይ አትደርድሩ። ጣውላ ደራርባችሁ እስከ ጉልበት ከፍ አድርጉ፤ ክምሩም ከደረት አይለፍ። መኪናው ላይ ያለው ሰው ከረጢቱን እስከ ጠርዝ ያምጣ፣ ተሸካሚው ከዚያ በትከሻው ይቀበል። ሲያራግፍ ሌላ ሰው ያግዘው። ሲዞር በእግሩ ይዙር፣ በወገቡ አይደለም። ጋሪ ካላችሁ ጎማውን ንፉት! ጎማው የተኛ ጋሪ ወደ ጎን እየጎተተ ወገብ ያጣምማል። በየሳምንቱ የሚተነፍስ ርካሽ ጎማ ከመግዛት ደህናውን አንዴ ግዙ። የወገብ ቀበቶ ላይ አትተማመኑ፤ ጉዳት እንደሚከላከል አልተረጋገጠም።

ማስጠንቀቂያ፦ እግሩ ከሰነፈ፣ ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻ አይሸው፣ አይጎትተው።

እነዚህ ከሌሉበት ደግሞ ሳምንት ሙሉ አይተኛ፤ ቀስ እያለ ይራመድ። ሲመለስም መጀመሪያ ኮንክሪት ውሃ ያጠጣ፤ ሲሚንቶው ይቆየው።