ለአሮጌ ቮልስዋገን ዘመናዊ የደህንነት ቀበቶ አገጣጠም

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ከምናያቸው ጀርባቸው ጎባጣ ቮልስዋገኖች መካከል፣ ቀደም ያሉት ከፋብሪካ ሲወጡ ቀበቶ ጨርሶ ያልነበራቸው ወይም ርዝመቱ በእጅ የሚስተካከል፣ ራሱን የማይጠቀልል ቀበቶ የነበራቸው ናቸው። ወገብንና ትከሻን አንድ ላይ የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ቮልቮ በመኪኖቹ ላይ መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ይህንኑ በቮልስ ላይ መግጠም ይቻላል። ቀበቶውን ገዝቶ በብሎን ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈጀው ብሎኑ የሚታሰርበትን ብረት መመርመርና ማዘጋጀት ነው፤ ምክንያቱም በግጭት ጊዜ በአንድ ቀበቶ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ከ1 ቶን በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ብረቱ ከለቀቀ የቀበቶው አዲስነት ምንም አይጠቅምም።

በመጀመሪያ መኪናው የተዘጋጁ ማሰሪያ ቀዳዳዎች እንዳሉት ይፈልጉ። ለእያንዳንዱ የፊት መቀመጫ ሦስት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ከበሩ በስተኋላ ባለው ምሰሶ ላይ በትከሻ ከፍታ፣ ሁለተኛው በዚያው ምሰሶ ግርጌ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል በሚያልፈው የወለሉ እብጠት ላይ። ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ክዳን ወይም በውስጥ ልባሱ ስለሚሸፈኑ፣ ልባሱን በጣት እየተጫኑ ጎድጎድ ያለውን ቦታ መፈለግ ይገባል።

ቀዳዳዎቹ ከተገኙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቮልስ ብሎኖች በሙሉ ለማለት ይቻላል በሚሊ ሜትር የተለኩ ሲሆኑ፣ የቀበቶው ብሎን ግን 7/16 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ነው። ይህ 11.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 10 ቁጥር ብሎን ይላላበታል፣ 12 ቁጥር ደግሞ አይገባም። ከዓመታት በፊት የራሴን መኪና የሰጠሁት አንድ መካኒክ፣ የ12ቱ ጥርስ ርቀት ከትክክለኛው ጋር ስለሚቀራረብ፣ «መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል እንጂ ይገባል» ብሎ በረጅም ቁልፍ እያስገደደ አስገባው። ብሎኑን መልሼ ባስፈታሁት ጊዜ የቀዳዳው ጥርስ እንደ ምላጭ ስስ የብረት ጥምዝ ሆኖ ተከትሎት ወጣ፤ ማሰሪያውን ከነብረቱ ቆርጦ ሌላ ከመበየድ በቀር መፍትሔ አልነበረውም። ትክክለኛው ብሎን በእጅ ብቻ ቢያንስ አራት አምስት ዙር መግባት አለበት። የብሎኑ ጥራትም ከራሱ ላይ ይነበባል፤ በኢንች የሚለካ ከሆነ በራሱ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የተሰመሩ ስድስት መስመሮች ያሉት ጠንካራው ዓይነት ነው።

ቀዳዳ የሌለው መኪና ከሆነ አዲስ ማሰሪያ መሥራት ግድ ይሆናል። የቮልስ ወለል ስስ ላሜራ ስለሆነ በትራፓኖ በስቶ ብሎን በተራ ሮንዴላ ማሰር ፈጽሞ አይበቃም፤ ሮንዴላው ላሜራውን እንደ ወረቀት በስቶ ያልፋል። ከጀርባ የሚደረገው ማጠናከሪያ ብረት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ይህ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለውድድር መኪኖች የሚጠይቀው ልክ ሲሆን፣ ለመንገድ መኪናም ጥሩ መመሪያ ነው። ማዕዘኖቹ ላሜራውን እንዳይቆርጡት ይክበቡ።

ከዚያ በፊት ግን ዝገቱን ይመርምሩ። ከበሩ ሥር ያለው የማሞቂያ አየር መተላለፊያና ከኋላ መቀመጫው በታች በስተቀኝ ያለው የባትሪ ቦታ የቮልስ የታወቁ ድክመቶች ናቸው። ካትራሜ የተቀባ ወለል ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ስለዚህ ካትራሜውን ፍቆ በካቻቢቴ ጫፍ በርትቶ መውጋት ያስፈልጋል። ካቻቢቴው ከሰመጠ ወይም ሥሩ ስቱኮ ከተገኘ፣ የቀበቶው ሥራ ይቁምና ላሜራው ይቀየር። ብየዳ ሲኖር ባትሪውን ማላቀቅ፣ መቀመጫዎቹንና ልባሱን ማውጣት የግድ ነው፤ የመቀመጫው ሙሌት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ የነዳጅ ታንኩም ከፊት ኮፈኑ ሥር መሆኑ አይዘንጋ። የኋላ መቀመጫውን ሲመልሱ የባትሪው መሸፈኛ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ የመቀመጫው ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ያስነሣባቸው ቮልሶች ጥቂት አይደሉም።

ቀበቶው ራሱ አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ከአሮጌ መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የተገዛ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ቀበቶ በዋጋ ርካሽ ቢሆንም፣ በግጭት አንድ ጊዜ የተጎተተ ቀበቶ ክሩ ስለሚለጠጥ ዳግመኛ ሊታመን አይገባም፤ መኪናው መጋጨት አለመጋጨቱን ደግሞ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በተለይ በግጭት ቅጽበት በባሩድ ኃይል የሚሰበሰበውን የአዳዲስ መኪኖች ቀበቶ አይግዙ፤ ያለ ኮምፒዩተሩ አይሠራም፣ በብየዳ አጠገብ ደግሞ አደገኛ ነው። በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ (E) ፊደል የታተመበትና የተሠራበት ጊዜ የሚነበብበት ምልክት ያለውን ይምረጡ። ረዘመ ተብሎ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቆርጦ የተሰፋ ቀበቶ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ቀበቶ መጣል አለበት።

ራሱን የሚጠቀልለው ዓይነት በውስጡ የመኪናውን ድንገተኛ መቆም የሚለይ ትንሽ ኳስ ወይም ተንጠልጣይ ብረት አለው፤ ስለዚህ መጠቅለያው አምራቹ ካዘዘው አቅጣጫ ካጋደለ ወይ ሁልጊዜ ይቆልፋል፣ ወይ በሚያስፈልግበት ጊዜ አይቆልፍም። ከምሰሶው ግርጌ ሲያስሩት ቱንቢ ተጠቅመው ያቁሙት። የላይኛው ማሰሪያ ከተቀማጩ ትከሻ ዝቅ ማለት የለበትም፤ ዝቅ ካለ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። የወገቡ ክፍል ደግሞ በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ እንዳያርፍ፣ ከታችኞቹ ማሰሪያዎች ከወለሉ አንጻር ከ45 እስከ 75 ዲግሪ ያህል እያጋደለ ይውጣ።

ሲያስሩ የቀበቶው ጆሮ፣ ማለትም ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ጫፉ፣ እንደ ልብ መዞር አለበት። ለዚህም ከብሎኑ ራስ ቀጥሎ ጆሮው፣ ከዚያ ስፕሪንግ ሮንዴላው፣ በመጨረሻም ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ቀለበት ይግቡ፤ ምንጣፍ በመካከል እንዳይቀር ዙሪያውን ይቁረጡት፤ ምንጣፍ ሲሟሽሽ ብሎኑ ይላላልና።

ሲጨርሱ ቀበቶውን በዝግታ ይሳቡት፣ ከዚያ በድንገት ይንጠቁት፤ መያዝ አለበት። ቀጥሎ ባዶ በሆነ ሜዳ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ፍሬን በኃይል ይያዙ፣ ተሳፋሪውም በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ያጋድል፤ ካልቆለፈ መጠቅለያው የተገጠመበት አቅጣጫ እንደገና ይታይ። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ከነዱ በኋላ ስድስቱንም ብሎኖች በቁልፍ ይፈትሹ።