ተረኛ ነርስ ልጇን ለማን ትተው? ለባሕር ዳር ነርስ ወላጆች

የነርስ ወላጅ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ርክክብ ላይ ነው። ተተኪው ካረፈደ ወይም መውጫ ሰዓት ላይ ድንገተኛ ሕመምተኛ ከገባ፣ ክፍሉን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከሞግዚት ጋር ሲዋዋሉ ከመውጫ ሰዓትዎ ላይ አንድ ሰዓት ይጨምሩና ከመጀመሪያው ይክፈሉበት። «ትንሽ ቆይልኝ» እየተባለች በነፃ የምታመሽ ሞግዚት ብዙ አትሰነብትም። በአዴት መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የምትሠሩ ደግሞ የመንገዱንም ሰዓት አስሉ።

የሕፃናት ማቆያ በአብዛኛው የቢሮ ሰዓት ስለሚከተል ለማታ ተራ አይሆንም። ሞግዚት በደላላ ከመጣች ተያዥ ይጠይቁ፣ የመታወቂያዋን ቅጂ ይያዙ፤ ወሊድ ፈቃድዎ ሳያልቅም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አብረዋት ይዋሉ። ዋርድ ውስጥ ስልክ ማንሳት ስለማይቻል የአንድ ባልደረባና የአንድ ጎረቤት ቁጥር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉላት።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ለሚጠባ ልጅ፣ ሥራ ከመግባትዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ወተት ማለብ ይለማመዱ። እጅዎንም ዕቃውንም በሳሙና ይታጠቡ። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ 4 ቀን ይቆያል። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ግን ውጭ አያሳድሩት፤ ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ ኋላ ያስገቡት፤ በሩ ላይ ያለው ቦታ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ሞግዚቷ ወተቱን እሳት ላይ ሳታፈላ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ ታሙቀው፤ በኩባያ ታጠጣው፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል። ከጠጣው የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ።

አጎበሩ ሳይመሽ ይውረድ። ልጁን ካተኮሰው ወባ ሊሆን ስለሚችል ሞግዚቷ እርስዎን ሳትጠብቅ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ገንዘብ ቤት ይተዉላት።

ከሁሉ የሚያሳስበን የማታ ተረኛ ጉዳይ ነው። ጠዋት ከተራ ቤቷ ገብታ ልጅ ስትይዝ የዋለች ነርስ ማታ ሳትተኛ ትመለሳለች፤ የመድኃኒት መጠን የሚሳሳተውም እንዲህ ሲሆን ነው። ከማታ ተራ በኋላ ሞግዚቷ ቢያንስ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ልጁን ትያዝ። የክፍል ኃላፊዎችም ስኬጁሉን ከሁለት ሳምንት በፊት ብትለጥፉ ወላጁ የሚቀያየረውን ሰው ያገኛል።

ፋሲካ ሲደርስ ሞግዚቶች አገር ቤት ይሄዳሉ፣ ዋርዱ ግን አይዘጋም። የበዓሉን ተራ ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ተቀያየሩ፤ ሰሞነ ሕማማት ከገባ በኋላ የሚቀይር ሰው አይገኝም።