የተጣመመ የሪሞት መኪና ቦዲ አቃንኑ

ቦዲው ከመነካቱ በፊት ፕላስቲኩ ይለይ። ከጎማው በላይ ያለውን ጠርዝ እዩ። ስስ ከሆነ፣ እንደ ልብ ከታጠፈና ቀለሙ ከውስጥ በኩል ከተቀባ ፖሊካርቦኔት ነው። ወፈር ብሎ ከውጭ የተቀባና ሲጎብጥ ነጭ መስመር የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ ነው። ኤቢኤስ 105 ዲግሪ አካባቢ፣ ፖሊካርቦኔት ግን 147 አካባቢ ነው የሚለሰልሰው። ሁለቱን በአንድ መላ መያዝ ብዙ ቦዲ አበላሽቷል።

ኤቢኤስ የሚቃናው በፈላ ውሃ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለኤቢኤስ ይህ ምቹ ነው፤ ያላላዋል እንጂ አያቀልጠውም። ቦዲውን ከሻሲው (ሞተርና ጎማ ከያዘው የታችኛው ክፍል) አውጡ፣ መብራትና ስቲከር ካለው አንሱ። ውሃው ከፈላ በኋላ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በብረት ሳፋ ይገልበጥ፤ የተጣመመው ጎን ብቻ ለአንድ ደቂቃ ይጠልቅ። ውሃው እጅ ይፈጃል፣ ወፍራም ጓንት አድርጉ። አውጥታችሁ ወዲያው በእንጨት ቅርጽ ላይ አስቀምጡና በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ቅርጹ ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ከሚተርፍ ቁራጭ ይወጣል፤ ጅማ ላይ እንጨት ሥራ ሞልቷል። የእንጨቱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ላይ ምልክት ይተዋል። ፕላስቲኩ መልሶ ስለሚጎትት ከሚፈለገው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አሳልፋችሁ እጠፉት፤ ከነመቆንጠጫው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቆይ። ካልተቃና ድገሙት እንጂ በጉልበት አትግፉት፤ ነጩ መስመር የመሰንጠቅ መጀመሪያ ነው።

ፖሊካርቦኔት በፈላ ውሃ አይቃናም። ሞባይል ጠጋኞች የሚሠሩበት፣ ሞቃት አየር የሚነፋው ሆት ኤር ያስፈልጋል፤ ከዝቅተኛ ሙቀት ጀምራችሁ፣ አርቃችሁ፣ ሳታቆሙ አንቀሳቅሱት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ግድ ነው። ይህ ቦዲ ሲሠራ ዝርግ ሉህ ነበር፤ ሞቆ በሻጋታ ላይ ተስቦ ነው ቅርጽ የያዘው። ከልክ በላይ ከሞቀ ወደ ዝርግነቱ ለመመለስ ይኮማተራል፣ ጣሪያው ይሰረጉዳል፤ ያ አይመለስም። ፖሊካርቦኔት እርጥበትም ይመጥጣል፣ ስለዚህ በክረምት ሲሞቅ ደቃቅ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። አረፋ ካያችሁ ወዲያው አቁሙ። ቆሻሻውን በሳሙና ውሃ ብቻ እጠቡ፤ አሴቶንና ቤንዚን ያሰነጥቁታል።

ተቃንቶም ከሻሲው ላይ ሲገባ ዳግም የሚጣመም ካለ ጥፋቱ የቦዲው ላይሆን ይችላል። ቦዲው ሻሲው ላይ የሚያርፍባቸውን አራቱን ምሰሶዎች ለኩ። አንዱ 2 ሚሊሜትር ቢረዝም ምሰሶው ላይ የሚሰካው ክሊፕ ቦዲውን ሁልጊዜ ይጎትተዋል፤ ምሰሶውን ዝቅ ሳታደርጉ ዳግም አታሙቁት።