በቤት አኳሪየም የሚከሰት ነጭ ነጠብጣብ፦ ሕክምናና መከላከያ

በአኳሪየም ዓሣ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ሲታይ አብዛኛው ሰው መድኃኒት ይጨምርና ነጠብጣቡ ሲጠፋ ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ በሽታው ብሶበት ይመለሳል። ያኔ የሚወቀሰው መድኃኒቱ ነው፤ ስሕተቱ ግን ሕክምናው ከጊዜው በፊት መቋረጡ ላይ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ኢክትዮፍቲሪየስ የሚባል ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን ዓሣ አርቢዎች ባጭሩ «ኢክ» ይሉታል። በዓሣው ቆዳና ስንጥብ (ዓሣው የሚተነፍስበት አካል) የላይኛው ሽፋን ሥር ገብቶ ይመገባል። እዚያ ሳለ ጨውም ሆነ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ጠጠሩ ላይ ያርፋል፤ ሽፋን ሠርቶ ይከፋፈልና ከአንዱ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም እስከ 1,000 የሚደርሱ ትንንሽ ተውሳኮች ይፈለፈላሉ። እነዚህ እየዋኙ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ሕክምናው የሚገድላቸውም በዚህች አጭር ጊዜ ነው።

ዑደቱ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በውሃው ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በ20 ዲግሪ ከሳምንት በላይ፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ የአምስት ቀን ሕክምና ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ በሽታው እሱ መሆኑን አረጋግጡ። ነጥቦቹ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ ክንፍና ገላ ላይ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ናቸው፤ ዓሣው ገላውን ከጠጠርና ከድንጋይ ጋር ያሻሻል። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ የስንጥቡ ክዳንና የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጥቦች ይደረደራሉ፤ ያ በሽታ አይደለም። በጨለማ በባትሪ መብራት ሲታይ ወርቃማ ብናኝ የሚመስል ከሆነ ሌላ ተውሳክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ኢክ ስንጥቡን ብቻ ይይዝና አንድም ነጥብ ሳይታይ ዓሣው ውሃው አናት ላይ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

ቀጥሎ ውሃውን ለኩ። ርዝመት፣ ወርድና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ ሊትሩ ይወጣል። 80 በ35 በ40 የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ድንጋዩ የያዙትን ስትቀንሱ 100 ሊትር ያህል ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ለ100 ሊትር ናቸው።

ማጣሪያው ውስጥ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ካለ መድኃኒቱን ስለሚመጥ አውጡት፤ ስፖንጁ ግን ይቆይ። ሙቀቱን በቀን ከ2 ዲግሪ ባልበለጠ ጭማሪ ወደ 28 ዲግሪ አድርሱ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለዚህ መጠን የ150 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል። የማሞቂያውን ቁጥር አትመኑ፤ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አርቢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ከመጀመሪያውም ሩብ ያህል ኦክስጅን ይጎድለዋል። በውጭ አገር መመሪያዎች የሚመከረው 30 ዲግሪ የተጻፈው በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ስንጥቡ የታመመ ዓሣ ይህን ሙቀት ያለ ተጨማሪ አየር አይችለውም። ስለዚህ 28 ላይ ቁሙ፤ ኤር ፓምፑም ሌሊትና ቀን ይሥራ።

ጨው በሊትር 2 ግራም፣ በድምሩ 200 ግራም ያስፈልጋል። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ለኩት። አዮዲን ያለው የገበታ ጨው በዚህ መጠን ችግር የለውም። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በየ12 ሰዓቱ አንዱን እጅ በጆግ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ያልሟሟ ጨው ዓሣውን ያቃጥላል። ጨው በትነት አይጠፋም። የተነነውን በንጹህ ውሃ ሙሉ፤ 25 ሊትር ከቀየራችሁ ደግሞ 50 ግራም ብቻ መልሱ። ኮሪዶራስና ክሎውን ሎች የሚባሉት ዓሦች ካሉ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ተክሎችም ሊጎዱ ይችላሉ። ጎልድፊሽን 28 ዲግሪ ላይ ከማቆየት በ24 ዲግሪ አካባቢ አድርጎ ሕክምናውን ወደ ሦስት ሳምንት ማራዘም ይሻላል።

በየሁለት ቀኑ ሩቡን ውሃ በጎማ ከጠጠሩ ሥር እየሳባችሁ አውጡ። ይህ ሥራ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ ነገር ግን ያልተፈለፈለውን ተውሳክ ከገንዳው የሚያስወግድ ሌላ መንገድ የለም። ውሃው ሲቀንስ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከውሃ ውጭ ከጋለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። የሚተካው ውሃ ሙቀቱ እኩል ይሁን፤ ክሎሪኑ እንዲወጣም አየር እየተነፋበት 24 ሰዓት ይቆይ። ዋሽንግተን ዲሲና ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውሃቸውን በክሎራሚን (በቀላሉ በማይተን የክሎሪን ውሁድ) ስለሚያክሙ እዚያ ማቆየት አይበቃም፤ የውሃ ማስተካከያ ጠብታ የግድ ነው።

ሕክምናው በድምሩ ቢያንስ 14 ቀን ይቀጥል። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም 7 ቀን መሞላት አለበት፤ ከሁለቱ የዘገየውን ያዙ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጥቦቹ ቢበዙ አትደንግጡ፤ ቀደም ብለው ቆዳ ውስጥ የገቡት አድገው መታየታቸው ነው።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ ክዳኑ ላይ ግን አየር መግቢያ ተዉ። ሙቅ ውሃ የሞላ ክዳኑ የተዘጋ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳፈፍ ይረዳል፤ ፈላ ውሃ በቀጥታ መጨመር ግን ይገድላል። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ያለው ሰው የመጀመሪያውን አደጋ፣ የኦክስጅን እጥረትን፣ አለፈ ማለት ነው። ሙቀቱ ለሰዓታት ከወረደ ዑደቱ ስለሚዘገይ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩ።

ማላካይት ግሪን የሚባለው ተውሳክ ገዳይ ቀለም ያለበት መድኃኒት ከመረጣችሁ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ፤ ቅርፊት ለሌላቸው ዓሦች ግማሹን ስጡ። ጓንት አድርጉ። ለመብል የሚረባ ዓሣ ላይ ፈጽሞ አትጠቀሙበት፤ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለዚህ ዓላማ የተከለከለ ነው።

ዓሣው ያለ ነጥብ እየተሻሸ አንዱን ስንጥብ ከዘጋ የስንጥብ ትል ሊሆን ይችላል። ለዚያ ጨው አይበቃም፤ መድኃኒቱ ለቢልሃርዚያ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ለ100 ሊትር የ600 ሚሊ ግራም እንክብል ሲሶ ማለት ነው። በቀላሉ ስለማይሟሟ አድቅቁና በጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ አጥብቃችሁ ናጡት። የትሉ እንቁላል ስለማይሞት ከሳምንት በኋላ ድገሙ።

ለመከላከል ከሁሉም የሚበልጠው አዲስ ዓሣን ለይቶ ማቆየት ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ሳጥን፣ ስፖንጅ ማጣሪያና ማሞቂያ ይበቃሉ፤ ውሃው 26 ዲግሪ ሆኖ አራት ሳምንት ይቆዩ። ከሱቅ የመጣውን ውሃ ወደ ገንዳችሁ አትድፉ። መረቡና ጎማው የየራሳቸው ይሁኑ፤ ካልሆነ እስኪደርቁ ድረስ አስጧቸው፣ ኢክ ድርቀትን አይችልም። ከዓሣ ገንዳ የወጣ ተክልም ተውሳኩን ይዞ ስለሚመጣ ዓሣ በሌለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አሥር ቀን አቆዩት። አንዴ ታመው የዳኑ ዓሦች በከፊል ስለሚቋቋሙት ምልክት ሳያሳዩ ተሸክመውት ሊኖሩ ይችላሉ፤ አዲስ የገባው ብቻ ከታመመም መታከም ያለበት ገንዳው በሙሉ ነው።