ለምናብ ከተማ የድኩላ በዓል አሠራር

በጎጃም ደጋ ላይ ለልብ ወለድ የምትቆረቆር የምናብ ከተማ፣ ክረምት ሲወጣ የምታከብረው ተአምረኛ እንስሳ ቢኖራት ታሪኩ ነፍስ ይዘራል። ሆኖም ጀማሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳው መልክ፣ ማለትም ከክንፉና ከሚያበራው ቀንዱ ይነሣል። እኔም በመጀመሪያው ድርሰቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ክንፋሙን አንበሳዬን ለአክስቴ ባነበብሁላት ጊዜ፣ ገብስ ከምትለቅምበት ሰፌድ ቀና ሳትል «መልኩስ ይሁን፤ ነሐሴን ምን በልቶ ይከርማል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ድርሰቱንም ቀደድሁት።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚወሰነው ሕዝቡ ለእንስሳው ያለበት ውለታ ነው። ነጭ ድኩላን እንውሰድ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ የብዙ የዓባይ ገባሮች መነሻ ሲሆን፣ ክረምቱን በደመናና በጉም ተሸፍኖ ይከርማል። ድኩላው ያንን ጉም በጀርባው ተሸክሞ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያወርድ፣ እሱ ከቀረም ገብሱ ፀሐይ አጥቶ ሳያሽት የሚበሰብስ ከሆነ፣ ገበሬው በዓሉን ለምን እንደሚያከብር ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻም።

ዕለቱን ለመምረጥ ጳጉሜን ትመቻለች። ይሁን እንጂ ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ቀን ሕፃናት በዝናብ የሚጠመቁበት፣ የመስከረም 1 ዋዜማም ልጃገረዶች እንግጫ የሚነቅሉበት ስለሆነ፣ እነዚህን ነቅሎ የራስን በዓል መትከል አንባቢን ያስቀይማል፤ በእኔ አስተያየት ስንፍናም ነው። ስለሆነም በዓሉን ጳጉሜን 4 ሲመሽ ጀምረን 5 ሲነጋ እንጨርሰው። በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ አንድ ሌሊት ይጨመርበት፤ ድኩላውም በዓይን የሚታየው በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ንጋት ብቻ ይሁን። ያን ጊዜ ሦስቱ ዓመታት ባዶ ዱካ እያዩ የመጠበቅ ዓመታት ይሆናሉ።

ሥርዓቱ ከውለታው መፍለቅ ይኖርበታል። ድኩላው ጉም ፈላጊ ነውና ጭስ እንዳያሳስተው በከተማዋ እሳት አይነድም እንበል። ምድጃው በአመድ ይዳፈናል፤ ምግቡም አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ በሶ፣ ቆሎና የዳጉሳ ጠላ ይሆናል። ምግብን በዘፈቀደ የሚደረድር ጸሐፊ ብዙ ነው፤ እዚህ ግን በሶው የቀረበው እሳት ስለሌለ ነው።

ዘፈኑን በተመለከተ፣ ዋሸራና ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚታወቅ አገር ላይ ሰምና ወርቅ የሌለው ግጥም ማስገባት አያምርም። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በዋሽንት ታጅቦ እንዲህ ይበል፦

ድኩላው የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ፣
ከርሞ ይመጣል አሉኝ፤ እኔም ልጠብቅ።

«ከርሞ» በሰሙ የሚመጣው ዓመት ነው፤ በወርቁ ግን ድኩላው ክረምቱን አሳልፎ ዛሬ ይደርሳል ማለት ነው። ፍቺውን በድርሰቱ ውስጥ መጻፍ ግን አይገባም፤ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ቢል ይበቃል።

በመጨረሻ ሥርዓቱ የሚጠብበት አንድ ቤት ይፈለግ። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ በሁለተኛው ጨለማ ሌሊት አንዲት ሴት ትወልዳለች እንበል። አራሷ ትኩስ ገንፎ ያስፈልጋታል፤ አማቷ የገብሱን ዱቄት ይዘው ከተዳፈነው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከበሩ ውጭ ጉሙ ገና አልተነሣም። ታሪኩ የሚጀመረው አመዱን ለመጫር እጃቸውን ሲዘረጉ ነው።